ጃምቦ፤ ከሰቲት ዳር የተወሰደው የሙት ልጅ

«ጃምቦ» ሲባል ለብዙዎቻችን ግዙፉ አውሮፕላን ወይም የድራፍት ቢራው ትልቅ ብርጭቆ ትዝ ይለናል። ቃሉን በዓለም ያናኘው ግን ጡት ሳይጥል እናቱን ያጣ አንድ የዝሆን ግልገል ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የተያዘው ከገዳሪፍ ብዙም በማይርቀው በሰቲትና በአትባራ ወንዞች አገር ነበር።

ከሑመራ በታች ሰቲት የሚባለው ተከዜ ከአትባራ ጋር እስኪገናኝ ያለው ቆላ የሐምራን ዓረቦች የአደን ምድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 ወደዚህ የመጣው እንግሊዛዊ ሳሙኤል ቤከር አደናቸውን በአድናቆት ጽፎታል። አንዱ ፈረሰኛ ዝሆኑን ወደ ራሱ ሲስብ፣ ሌላው ከኋላ ደርሶ በሰይፍ ቋንጃውን ይቆርጠዋል። ቤከር በስም ካነሣቸው ሰይፈኞች አንዱ ጣሂር ሸሪፍ ሲሆን፣ ጃምቦንም በ1862 ገደማ የያዘው እርሱ እንደሆነ ይነገራል።

ቀድሞ የሚፈለገው የዝሆን ጥርስ ነበር። በአውሮፓ የአራዊት ማቆያዎች ሲበዙ ግን ግልገሉም ዋጋ አወጣ። እናት ልጇን ስለማትሰጥ አስቀድማ ትገደላለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሞግዚትነት ሥራ ነው። ሎሬንዞ ካዛኖቫን የመሳሰሉ ነጋዴዎች ከከሰላ ወደ ሱአኪን ሲጓዙ የሚታለቡ ፍየሎች ከሲራራው ጋር ይነዱ ነበር፤ የዝሆንና የቀጭኔ ግልገሎች በመንገድ የሚያድሩት በፍየል ወተት ነውና። ጀርመናዊው ነጋዴ ካርል ሃገንቤክ በ1870 የካዛኖቫን ሲራራ ስዊዝ ላይ ሲረከብ፣ ካዛኖቫ ራሱ በጽኑ ታሞ ነበር። ከተያዙት እንስሳት ብዙዎቹ አውሮፓን ሳያዩ መሞታቸውን ሃገንቤክ ራሱ መስክሯል።

ጃምቦ ተረፈ። ከፓሪስ የአራዊት ማቆያ ወደ ለንደን የተዛወረው በ1865 በአውራሪስ ተለውጦ ነው። ሲደርስ ከስቶና ቆስሎ ስለነበር ጠባቂው ማቲው ስኮት እንደ ልጅ አስታሞ አዳነው። አድጎም ሕፃናትን በጀርባው አዝሎ የለንደን ፍቅር ሆነ። በ1882 ለአሜሪካዊው የሰርከስ ባለቤት ባርነም ተሸጠ፤ በመስከረም 1885 ካናዳ ውስጥ ባቡር ገጭቶ ገደለው። ዐፅሙ በኒውዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። በቅርብ ዓመታት የመረመሩት ሊቃውንት መገጣጠሚያዎቹ ያለ ዕድሜያቸው ተጎድተው፣ መንጋጋዎቹም ለዝሆን በማይስማማ ምግብ ምክንያት ተበላሽተው አግኝተዋቸዋል። የስኮት ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን የእናትንና የዱርን ቦታ ሊተካ አልቻለም።

ይህ ታሪክ ለእኛም ትምህርት አለው። ዛሬ በድንበሩ ወዲያ በ1935 የተቋቋመው የድንድር፣ ወዲህ ደግሞ በ2006 የተከለለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በዚህ ቆላ እርሻ ሲመነጠር ወይም ከብት ሲጠበቅ ግልገል ሚዳቋ ብቻዋን ተኝታ የሚያገኝ ሰው አዝኖ ወደ ቤቱ ሊወስዳት፣ ወተትም በጡጦ ሊያጠባት ይችላል። ርኅራኄው የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን ሚዳቋ ልጇን በሣር ውስጥ ደብቃ ለግጦሽ መሄዷ ልማዷ ነው፤ ስትመለስ ታጠባታለች። ሰው ያነሣት ግልገል ሙት ልጅ የምትሆነው ብዙ ጊዜ በተነሣችበት ሰዓት ነው።

በጃምቦ ዘመን ወተት የሚያጠጣው እጅ እናትን ከገደለው እጅ ጋር በአንድ ገበያ የተባበረ ነበር። እኛ ግን ከሩቅ ቆመን እናቲቱ እስክትመለስ መታገሥ እንችላለን። እርሷ መሞቷ ከተረጋገጠ ደግሞ ግልገሏን ከቤት ከማሳደግ ይልቅ ለፓርክ ጠባቂዎች ማስረከብ ይሻላል።