ከሕዝብ ስም ወደ ባርያ ስም፤ የአንድ ቃል ጉዞ በኤውሮፓ ቋንቋዎች

የአንድ ቃል ታሪክ አንዳንድ ጊዜ የታሪክ ጸሓፊዎች ሳይመዘግቡ የተዉትን ነገር ጠብቆ ያቆያል። በምዕራብ ኤውሮፓ ባርያ የሚጠራበት ስም ለዚህ ምስክር ነው። እንግሊዞች «ስሌቭ»፣ ፈረንሳዮች «ኤስክላቭ»፣ ጀርመኖች «ስክላቨ»፣ ኢጣልያኖችም «ስኪያቮ» ይሉታል። አራቱም የሚመለሱት በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ስክላቩስ» ወደ ተባለው ቃል ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ የሕዝብ ስም እንጂ የኑሮ ደረጃ ስም አልነበረም።

በ6ኛው መቶ ዓመት ፕሮኮፕዮስና ሌሎችም የቢዛንጥ ጸሓፊዎች ከዳንዩብ ወንዝ ማዶ የነበሩትን ነገዶች «ስክላቬኖይ» ብለዋቸዋል። ስሙ የተወሰደው ነገዶቹ ራሳቸውን ከሚጠሩበት «ስሎቬኔ» ነው። ብዙ ሊቃውንት ይህን «ስሎቮ»፣ ማለት «ቃል»፣ ከሚለው ጋር ያዛምዱታል፤ በዚህም አተረጓጐም ስሙ በቋንቋ የሚግባቡትን ሰዎች ያመለክታል። ጎረቤቶቻቸውን ጀርመኖችን ግን ከ«ዲዳ» በወጣ ስም «ኔምትሲ» አሏቸው።

ታዲያ የሕዝብ ስም እንዴት የባርያ ስም ሆነ? የጥንት ሮማውያን ባርያን «ሴርቩስ» ይሉት ነበር። በመካከለኛው ዘመን ግን ይህ ቃል በጌታው መሬት ላይ ቤትና ቤተ ሰብ ይዞ ለሚኖረው ገባር እየዋለ ሄደ፤ የፈረንሳዮች «ሴርፍ» የዚሁ ልጅ ነው። በገበያ ለሚሸጠው ሰው ሌላ ስም አስፈለገ። በ10ኛው መቶ ዓመት የሳክሶን ነገሥታት ከኤልብ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ሲዋጉ ብዙ ስላቮች ተማርከው ተሸጡ፤ እስከ ቆርዶባ የደረሱትንም ዐረቦች «ሰቃሊባ» አሏቸው። ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የጄኖቫና የቬኔሲያ ነጋዴዎች ከጥቁር ባሕር ወደቦች ታታሮችንና ቸርከሶችን ጭምር ሲያመጡ፣ ታታሩም በውል ጽሑፍ «ስክላቩስ» ተባለ። የዘሩ ስም ጠፍቶ የዕቃው ስም ቀረ።

ስላቮች ራሳቸው በዚህ ቃል አልተጠቀሙም። በሩስያ ቋንቋ ባርያ «ራብ»፣ ሥራ «ራቦታ» ነው፤ በግዕዝ «ገብር»ና «ግብር» እንደሚቀራረቡ ማለት ነው። በቼክ ቋንቋ «ሮቦታ» ለጌታ የሚሠራ የግዴታ ሥራ ሲሆን፣ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ውስጥ ያለው «ሮቦት» የሚለው ስም ከዚሁ የወጣ ነው።

በቬኔሲያ ደግሞ «ስቻቮ»፣ ማለት «ባርያዎ ነኝ»፣ የትሕትና ሰላምታ ሆነ፤ አጥሮም «ቻው» ተባለ። የኢትዮጵያ ከተሜ ሲሰናበት የሚናገረው ይኸው ነው። በኦስትርያና በባቫርያም «ሴርቩስ» እስከ ዛሬ ሰላምታ ነው።

ስለዚህ «ስላቭ ማለት ባርያ ማለት ነው» የሚል ሰው የታሪኩን ቅደም ተከተል ይገለብጣል። ስሙ ቀደመ፣ ገበያው ተከተለ። ቃሉ የሚመሰክረው ስለ ተሸጠው ሕዝብ ጠባይ ሳይሆን ስለ ሻጩና ስለ ገዢው ሥራ ነው።