የአንድ ርካሽ ግራፊክስ ካርድ ታሪክ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ይህ ለሰው ስም ሲሆን እውነት ሊሆን ይችላል። የሸቀጥን ስም ግን የሚያወጣው መልአክ ሳይሆን ነጋዴ ነው፤ ስለዚህ ስሙን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። እኛም ይህን ስሕተት ሠርተን በጓደኞቻችን ፊት ካፈርን በኋላ ስለ ነገሩ መመርመር ጀመርን። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ታሪክ የዚያ ምርመራ ፍሬ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለትምህርት ቤታችን በዓል ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ፣ እኛ አራት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አወጣን። ኮምፒዩተሩ ከብዙ ዓመታት በፊት በስጦታ የመጣ ሲሆን ውስጡ በአቧራ ተሞልቶ ነበር። ክዳኑን ከፍተን አቧራውን ስንጠርግ በግራፊክስ ካርዱ ላይ «ቲኤንቲ 2» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ከመካከላችን አንዱ፣ ቲኤንቲ 2 በ1999 እጅግ ፈጣን ከሚባሉት ካርዶች አንዱ እንደ ነበረ አንብቦ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሌላ ምንም ሳንጠይቅ በትልቅ ወረቀት ላይ «የዘመኑ ፈጣን ካርድ» ብለን ጽፈን ከኮምፒዩተሩ በላይ ሰቀልነው።

በማግሥቱ ኮምፒዩተሩን ስናስነሣ ከአጠገባችን ቆሞ ይመለከት የነበረ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ከስሙ ቀጥሎ ያለው ኤም 64 ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀን። ጽሑፉ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ለአፍታ ታይቶ የሚጠፋ ስለሆነ ከእኛ ማንም አላስተዋለውም ነበር። ልጁ የተሳሳተ መስሎን ሣቅን። ደግመን አስነሥተን ስንመለከት ግን ልጁ ያለው እውነት ሆኖ ተገኘ። ኤም 64 ማለት የቲኤንቲ 2 ርካሽ ታናሽ ወንድም መሆኑን በተረዳን ጊዜ ሣቃችን ወደ ኀፍረት ተለወጠ። መምህራችንም ነገሩን ሰምተው፣ «ወረቀቱን ቅደዱ አልላችሁም፤ የምትጽፉትን ግን መርምራችሁ ጻፉ» አሉን።

ለመሆኑ ግራፊክስ ካርድ ምንድን ነው? የኮምፒዩተር ስክሪን በጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። በ1990ዎቹ ተራ የነበረው ስክሪን በአግድም 640፣ በቁም 480፣ በጠቅላላው 307,200 ነጥቦች ያሳይ ነበር። የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም በሜሞሪው ይዞ ወደ ስክሪኑ የሚልከው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ደብዳቤ ለመጻፍ ይህ አስቸጋሪ አይደለም፤ ፊደሉ ከተጻፈበት አይንቀሳቀስምና። ጨዋታ ሲሆን ግን ሥዕሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደገና መሣል አለበት። በተለይም ጥልቀት ያለው ዓለም የሚያሳይ ጨዋታ ሲሆን ቤቱ፣ መንገዱና ሰዉ ሁሉ ወደ ብዙ ሦስት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ላይ ሥዕል ተለጥፎ፣ የትኛው ከፊት የትኛው ከኋላ እንደሆነ በየነጥቡ መታወቅ አለበት።

በ1996 የወጣው ክዌክ የሚባለው ጨዋታ ይህን ሁሉ ሥራ በኮምፒዩተሩ ዋና ፕሮሰሰር ብቻ ያሠራ ነበር። በዚያው ዘመን በብዙ ርካሽ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ይገኝ የነበረው የኤስ 3 ኩባንያ ቨርጅ ካርድ ሥራውን አግዛለሁ ብሎ ቢነሣም፣ አንዳንድ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ የባሰ ስለ ዘገየ ተጠቃሚዎች «ማፍጠኛ ሳይሆን ማዘግያ» እያሉ ቀለዱበት። በሳጥኑ ላይ ግን ጥልቀት ያለው ሥዕል እንደሚሠራ ተጽፎ ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው የስምና የግብር ልዩነት በእኛ ኮምፒዩተር አልተጀመረም።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በዚያው በ1996 ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ስሪዲኤፍኤክስ ኩባንያ ቩዱ የተባለውን ካርድ አወጣ። የሜሞሪ ዋጋ በዚያ ዓመት በብርቱ መውደቁ፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ ለተራ ሰው ቤት እንዲደርስ ረዳው። ቩዱ የተለመደው ዓይነት 4 ሜጋባይት ሜሞሪ የነበረው ሲሆን ተራውን የጽሑፍ ሥራ ጨርሶ አይሠራም ነበር፤ ስለዚህ ገዢው ሌላ ካርድ ጨምሮ ሁለቱን በገመድ ማገናኘት ነበረበት። ይሁን እንጂ ክዌክ በ1997 መጀመሪያ ለእንዲህ ዓይነት ካርዶች ተስማምቶ ሲወጣ፣ ያየ ሁሉ ተደነቀ።

ተወዳዳሪዎችም ወዲያው ተነሡ። በ1993 የተቋቋመውና በመጀመሪያ ሥራው ከስሮ ሊዘጋ ደርሶ የነበረው ኤንቪዲያ ኩባንያ በ1997 ሪቫ 128ን አወጣ። ይህ ካርድ ጨዋታውንም ጽሑፉንም በአንድነት ስለሚሠራ ሁለተኛ ካርድ አያስፈልገውም ነበር። በ1998 ኢንቴል አይ 740 የተባለውን ርካሽ ካርድ ሲያመጣ፣ ስሪዲኤፍኤክስ ደግሞ ቩዱ 2ን አመጣ። በዚያው ዓመት ኤንቪዲያ ቲኤንቲን፣ በ1999 ቲኤንቲ 2ን አስከተለ። ገንዘብ ያነሰው ገዢም ቲኤንቲ 2ን እንዲገዛ ኤም 64 የተባለው በዚያው ዓመት ተሠራ።

ታዲያ ኤም 64 እንዴት ረከሰ? ሥዕሉን የሚያሰላው አንጐል ከታላቅ ወንድሙ ብዙ አይለይም። የተቀነሰው በአንጐሉና በሜሞሪው መካከል ያለው መንገድ ነው። ቲኤንቲ 2 በአንድ ጊዜ 128 ቢት፣ ማለት 16 ባይት ሲያሳልፍ፣ ኤም 64 የሚያሳልፈው 64 ቢት፣ ማለት 8 ባይት ብቻ ነው። ሁለቱም ሜሞሪዎች በሰከንድ 150 ሚሊዮን ጊዜ ይሠራሉ ብንል፣ የመጀመሪያው 2,400 ሚሊዮን ባይት፣ ሁለተኛው 1,200 ሚሊዮን ባይት ያሳልፋል። ይህም በሶዶ ገበያ ቀን ከሁለት በር አንዱን እንደ መዝጋት ነው። ሻጩም ሸማቹም አልቀነሰም፤ ሰዉ ሁሉ ግን በበሩ ላይ ቆሞ ይጠባበቃል።

ይህን ካወቅን በኋላ ሁለተኛውን ስሕተት ሠራን። የመጀመሪያውን ወረቀት አውርደን «የማይረባ ካርድ» የሚል ልንሰቅል ተስማማን። መምህራችን ግን፣ «ትናንት ሳትመረምሩ አመሰገናችሁት፤ ዛሬ ሳትመረምሩ ልትነቅፉት ነው» ብለው ከለከሉን። ስለዚህ ካርዱን መፈተን ግዴታ ሆነብን።

ለመፈተኛ የመረጥነው በ1999 መጨረሻ የወጣውን ክዌክ 3 አሬናን ነው። ጨዋታው የተኩስ ጨዋታ ስለሆነ መምህራችን መጀመሪያ አልወደዱትም ነበር። ነገር ግን ቀድሞ የተቀረጸ ግጥሚያ ራሱ እያሳየ በሰከንድ ስንት ሥዕል እንደ ሣለ ቈጥሮ የሚናገር ክፍል እንዳለው ስናስረዳቸው፣ ማንም ሳይተኩስ እንዲሠራ ፈቀዱልን። በመካከሉ መብራት ጠፍቶ ምርመራውን ከመነሻው ደገምነው።

ውጤቱ ይህ ነው። ስክሪኑ 640 በ480 ሆኖ ቀለሙ ባለ 16 ቢት ሲሆን ሥዕሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ። 800 በ600 ስናደርገውም ደኅና ነበር። 1024 በ768 ስናደርገው ነጥቦቹ 786,432 ስለሆኑ መድከም ጀመረ። በዚሁ ላይ ቀለሙን ወደ 32 ቢት ስንለውጠው ቈጠራው ወደ ግማሽ ገደማ ወረደና ሥዕሉ መንገጫገጭ ጀመረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ባለ 16 ቢት ቀለም ለአንድ ነጥብ 2 ባይት ሲፈልግ ባለ 32 ቢት 4 ባይት ይፈልጋል፤ ጭነቱ ሲበዛ ጠባቡ በር ተጨናነቀ። ስለዚህ ካርዱ ከመጠነኛው ሥራ ላይ ታማኝ አገልጋይ፣ ከከባዱ ሥራ ላይ ግን ደካማ ነው። «የዘመኑ ፈጣን» የሚለውም «የማይረባ» የሚለውም ሁለቱም ሐሰት ነበሩ።

ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፤ ካርዱ ለማን ነው የሚመዘነው? በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የተከፈተው በ1997 ነው። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ያለው መሥሪያ ቤት የሚፈልገው ደብዳቤ መጻፍና ሒሳብ መያዝ ነበር። ለዚህ ሥራ ኤም 64 ከበቂ በላይ ነው። የአማርኛ ጸሐፊው ችግር የነጥብ ፍጥነት ሳይሆን የፊደል ስምምነት ነበር፤ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለፊደሎቻችን የየራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ያገኘው በመስከረም 1999 በወጣው 3ኛው እትም ነው። ቲኤንቲ 2 በወጣበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። የኤውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች 32 ቢት ወይስ 16 ቢት እያሉ ሲከራከሩ፣ ለእኛ ጸሐፊ የበለጠው ዜና ያ ነበር። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ከማለት በፊት ለምን ሥራ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የተወዳዳሪዎቹም ፍጻሜ ትምህርት አለው። ስመ ጥሩው ስሪዲኤፍኤክስ በታኅሣሥ 2000 ንብረቱን ለኤንቪዲያ ለመሸጥ ተገደደ፤ የትናንት ዝና የነገን ገበያ አላስገኘለትም። በሌላ በኩል ለጨዋታ ብቻ ተብሎ ይናቅ የነበረው መሣሪያ ለሳይንስ ዋለ። በ2012 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮምፒዩተር ሥዕልን እንዲለይ ያስተማሩት፣ ለጨዋታ በተሠሩ ሁለት ጂቲኤክስ 580 ካርዶች ነው። ዛሬ ሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚባለው እንዲስፋፋ ያ ሥራ ታላቅ በር ከፈተ። «የጨዋታ ካርድ» የሚለውም ስም እንግዲህ ሙሉ እውነት አልነበረም።

ወላይታ በሰንጋው የታወቀ አገር ነው። በሬ ሊገዛ ወደ ገበያ የሚወርድ አባት የሻጩን ውዳሴ ሰምቶ ብቻ ገንዘቡን አይፈታም፤ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ አካሄዱን ይመለከታል፣ ከቤቱ ካለው በሬ ጋራ በአንድ ቀንበር ይስማማ እንደሆነም ያስባል። እኛ ልጆቹ ግን ወደ ስልክ መሸጫ ገብተን በሳጥኑ ላይ ያለውን ስምና ቍጥር አንብበን ወላጆቻችን በብዙ ድካም ያገኙትን ገንዘብ እንከፍላለን። ከአባቶቻችን ይልቅ ተምረናል እንላለን፤ በዚህ ነገር ግን እነርሱ ይበልጡናል። ስለዚህ ርካሽ መሣሪያ የሚገዛ ሁሉ ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እንመክራለን። ለምን ሥራ እፈልገዋለሁ? እንዲረክስ ሲባል ምን ተቀነሰለት? ካለኝ መሣሪያ ጋራ ይጠመዳልን? ርካሽ ዕቃ መግዛት ውርደት አይደለም፤ ያልመረመሩትን ማመስገንም መንቀፍም ግን ያሳፍራል።

በኤግዚቢሽኑ ቀን ከኮምፒዩተሩ በላይ የተሰቀለው ሦስተኛው ወረቀት ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ሪቫ ቲኤንቲ 2 ኤም 64። የ1999 ርካሽ ካርድ። መንገዱ የታላቅ ወንድሙ ግማሽ ነው። ለመጠነኛ ጨዋታ ይበቃል፤ ለጽሑፍ ይተርፋል።» ከግርጌውም የአራታችንን ስም ጽፈን፣ ከሁላችንም በላይ የዚያን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስም አስቀደምን፤ ሳይሣቅ የጠየቀው እርሱ ብቻ ነበርና።