የአቃቂ ወንዝ በቃሊቲ ሜዳ፦ ጎርፉና ደለሉ ከየት ይመጣሉ?

የአቃቂ ወንዝ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የሚወርደውን ዝናብ ሰብስቦ ወደ አዋሽ የሚያደርስ ዋነኛ ወንዝ ነው። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። ትንሹ ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ከወጨጫና ከእንጦጦ ምዕራባዊ ተዳፋት ሲነሳ፣ ትልቁ ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ ከፍታዎች ይመጣል። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንቲኬቱና ቡልቡላ ውሃቸውን የሚያደርሱት ለትልቁ አቃቂ ነው። ሁለቱ ወንዞች ቃሊቲን አንዱ በምዕራብ፣ ሌላው በምሥራቅ በኩል አልፈው በአባ ሳሙኤል የውሃ ማጠራቀሚያ ይገናኛሉ።

የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ሲሆን የአቃቂ ሜዳ ከፍታ ግን ወደ 2,100 ሜትር ይጠጋል። ውሃው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርደው በቀጥታ ሲለካ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ርቀት ውስጥ ነው። ቁልቁለቱም በመንገዱ ሁሉ እኩል አይደለም፤ አብዛኛው በላይኛው ክፍል ያልቅና ወንዙ ቃሊቲ ሲደርስ መሬቱ ለጥ ያለ ይሆናል። በአካባቢው በየክረምቱ የሚታየው ችግር በአመዛኙ ከዚህ የመሬት አቀማመጥ ይመነጫል።

ወንዝ ከውሃ ሌላ ድንጋይ፣ ጠጠር፣ አሸዋና አፈር ይዞ ይጓዛል። ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል የሚወሰነው በዋናነት በፍጥነቱና በጥልቀቱ ነው። በሃይድሮሊክስ ትምህርት የቆየ አንድ ስሌት እንደሚያመለክተው፣ የውሃው ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ሊያንቀሳቅሰው የሚችለው የድንጋይ ክብደት እስከ 64 እጥፍ ሊያድግ ይችላል። በበጋ የሰው ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ጅረት በሐምሌ ቋጥኝ ሲያንከባልል መታየቱም ስለዚህ የሚያስገርም አይደለም።

ፍጥነቱ ሲቀንስ ሸክሙ በተራ ይራገፋል። በቅድሚያ ቋጥኙና ጠጠሩ፣ ቀጥሎ አሸዋው፣ በመጨረሻም ደቃቁ አፈር ይቀመጣል። አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው የረጋ ውሃ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ታች ይደርሳል። እጅግ ደቃቅ የሆነ የሸክላ ቅንጣት ግን ለብቻው ከሆነ ቀናት ይፈጅበታል። አሸዋ በወንዙ መታጠፊያዎች፣ ጭቃው ደግሞ በሜዳውና በማጠራቀሚያው ውስጥ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ በውጭው በኩል ያለው ውሃ ፈጣን በመሆኑ ዳሩን ሲቦረቡር፣ በውስጠኛው በኩል ደግሞ ደለል ይከምራል። በዚህ ሂደት ወንዙ ከዓመት ዓመት ቦታውን ይለውጣል። በዕቅድ ወረቀት ላይ የወንዝ ዳርቻ ሆኖ የተሰመረ መስመር ከጥቂት ክረምቶች በኋላ መሬት ላይ ላይገኝ ይችላል።

በቃሊቲና በአቃቂ ሜዳ የሚገኘው ጥቁር የዋልካ አፈርም የራሱ ጠባይ አለው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ክረምቱ ሲገባ መጀመሪያ ውሃ በስንጥቁ ይጠጣል፤ ከጠገበ በኋላ ግን አብጦ ይደፈንና ውሃን ወደ ውስጥ ማስገባት ያቆማል። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ሲሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ ከፍተኛው ዝናብ የሚመዘገብባቸው ወራት ናቸው። ይህም ማለት ከባዱ ዝናብ የሚመጣው አፈሩ በጠገበበት ወቅት ነው።

ይሁን እንጂ የቃሊቲ ጎርፍ ከቃሊቲ ሰማይ ከሚወርደው ዝናብ ይልቅ ከላይ ከከተማው በሚመጣው ውሃ ይወሰናል። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል መጠኑ 200 ሜትር ኩብ ይሆናል። መሬቱ በሣርና በዛፍ የተሸፈነ ከሆነ በገጹ ላይ የሚፈሰው ከ40 እስከ 60 ሜትር ኩብ ሊሆን ይችላል። ያው መሬት በጣሪያ፣ በአስፋልትና በንጣፍ ድንጋይ ቢሸፈን ግን 180 ሜትር ኩብ ያህሉ ወደ ቦይ ይገባል። ይህም አሥር ሺህ ሊትር በሚጭን ቦቴ ቢለካ 18 ቦቴ ውሃ ማለት ነው። ከዚህም ባሻገር ውሃው በቦይና በቱቦ ስለሚፋጠን ከየአካባቢው የተነሳው ጎርፍ በተቀራረበ ሰዓት ታች ይደርሳል። አንድ ክፍለ ከተማ የራሱን መንገድ ከጎርፍ ለማዳን የሠራው ሰፊ ቦይ ለታችኛው ክፍለ ከተማ የጎርፉን ጫፍ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ላይ ግን በኪሎ ሜትር ተለክቶ እንደ ስኬት ብቻ ይቀመጣል።

የላይኛው ተፋሰስ የለገዳዲና የድሬ ግድቦችም የሚገኙበት ነው። ግድቦቹ በክረምቱ መጀመሪያ ውሃ በመያዝ የወንዙን ሙላት ያቀዘቅዛሉ፤ ከሞሉ በኋላ ግን ትርፍ ውሃ መልቀቅ የግድ ይሆናል። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በዚህ ወቅት በወንዙ ግርጌ ለሚገኙ ነዋሪዎች የጥንቃቄ ማሳሰቢያ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ማሳሰቢያው በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ቢቀር፣ በወንዙ ዳር ላለ ጓሮ አትክልት አምራች ወይም ለላስቲክ ቤት ነዋሪ ያለው ጥቅም እምብዛም ነው።

በበጋ ደረቅ ሆኖ የሚታይ የወንዝ ሜዳ ለመኖሪያ የተመቸ መምሰሉ በሌሎች ከተሞችም ብዙ ሕይወት አስከፍሏል። በድሬዳዋ ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ደቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ሰዎች የሚሻገሩትና የሚገበያዩበት ደረቅ አሸዋ ነው። አሸዋው ራሱ ወንዙ ቀደም ሲል በዚያ ማለፉን ይመሰክር ነበር። በአዲስ አበባም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የጣለው ከባድ ዝናብ ባስከተለው ጎርፍ የሰባት ሰዎች ሕይወት አልፏል።

ደለሉ መጨረሻ የሚያርፍበት አባ ሳሙኤል በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተሠራ ሲሆን፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። ለረጅም ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደርጓል። ማጠራቀሚያው ግን በደለል ጥልቀቱ ቀንሷል፤ ገጹም በእንቦጭ ተወርሯል። ከአባ ሳሙኤል ያመለጠው ደለል በአዋሽ በኩል ወደ ቆቃ ይደርሳል። በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብም ከአቃቂና ከሌሎች የላይኛው አዋሽ ገባሮች በሚመጣ ደለል ውሃ የመያዝ አቅሙን በከፍተኛ ደረጃ አጥቷል። ከላይ በአንድ ቦረቦር ውስጥ ያልታሠረ አፈር ከታች የመብራትና የመስኖ ጉዳይ ይሆናል ማለት ነው።

ደለል በተፈጥሮው ጠላት አይደለም። ከኢትዮጵያ ከፍታዎች በዓባይ የሄደው አፈር የግብፅን እርሻ ለሺህ ዓመታት ሲያዳብር ኖሯል። የአቃቂ ዳርቻ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚበቅለውም በዚሁ ወንዝ ባመጣው አፈር ላይ ነው። ልዩነቱ የአቃቂ ደለል የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ አብሮት መጓዙ ነው። እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች በደቃቅ የሸክላ ቅንጣቶች ላይ ይጣበቃሉ፤ ጎርፉ ሜዳውን ሲያለብስ ከአፈሩ ጋር አብረው ይቀራሉ። በመሆኑም በቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያና የጎርፍ መከላከል ሥራዎች የሚጋሩት ብዙ ነገር አለ።

የወንዝ ዳርቻዎችን ለማልማት በየካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የ56 ኪሎ ሜትር ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ያለውን መስመር የሚሸፍን ነው። ተፋሰሱ ግን ከከተማዋ ወሰን አልፎ ወደ ኦሮሚያ ክልል ስለሚዘልቅ፣ በላይ የሚሠራው እርከንና የደን ልማት ከአንድ አስተዳደር በላይ የሆነ ቅንጅት ይጠይቃል።

በወረዳ ደረጃ በየዓመቱ የሚከናወነው የቦይና የድልድይ ሥር ጠረጋ ከሰኔ በፊት ሲጠናቀቅ ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ፕላስቲክና ቅርንጫፍ ያጠበበው ድልድይ ውሃውን ወደኋላ ስለሚያቁር ፍጥነቱ ይቀንስና ደለሉ እዚያው ይወርዳል። ተጠርጎ የወጣው ጭቃ በቦዩ ዳር ተከምሮ ከተተወ ግን የመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች መልሰው ያስገቡታል፤ ስለዚህ ማንሻ መኪናና የመድፊያ ቦታ በጠረጋው በጀት ውስጥ አብሮ መያዝ ይኖርበታል።