የሻጋታው ኪኒንና የዓሣው ዘይት

የዛሬው ታሪክ ንጉሥም ጦርነትም የለበትም። ሻጋታ፣ ዶሮና ዓሣ ግን አሉበት።

ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት አንድ ብልቃጥ የዓሣ ዘይት አይጠፋም፤ ያው ኦሜጋ ስሪ የሚባለው። «ለልብ ጥሩ ነው» ተብሎ ለእናት ወይም ለአባት ይሰጣል። እናት ደግሞ ሐኪም ያዘዘላቸው የኮሌስትሮል ኪኒን አላቸው። ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። አንደኛው፦ ሁለቱ አብረው ይወሰዳሉ ወይ? ሁለተኛው፦ ዘይቱ ከመጣ ኪኒኑ ቢቀርስ? እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። የታሪክ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ የሁለቱን ታሪክ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ኪኒኑ። አኪራ ኤንዶ የሚባል ጃፓናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ ነገር ጠረጠረ። ፔኒሲሊን ከሻጋታ ከተገኘ፣ ጉበታችን ኮሌስትሮል እንዳያመርት የሚገታ ነገርስ ከሻጋታ ለምን አይገኝም? ከ6,000 በላይ ረቂቅ ተሕዋስያንን መረመረ። በ1973 ሩዝ ላይ ከበቀለ ሻጋታ የፈለገውን አገኘ። አይጦች ላይ ሲሞክሩት ግን አልሠራም! በዚህ ሊቀር ነበር፤ ኋላ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ላይ ሲሞከር ኮሌስትሮላቸው ወረደ።

የመጀመሪያው የስታቲን ኪኒን፣ ሎቫስታቲን፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1987 ነው። ያኔም ቢሆን «ኮሌስትሮል ወረደ፣ እሺ፤ ሰው ከሞት ይተርፋል ወይ?» የሚል ክርክር ነበር። መልሱ በ1994 ከስካንዲኔቪያ አገሮች መጣ። 4,444 የልብ ሕሙማን ተመርጠው ግማሾቹ ሲምቫስታቲን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ወሰዱ። ከአምስት ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። ኪኒኑን በወሰዱት ላይ ሞት በ30 በመቶ ቀነሰ። ክርክሩን ያበረደው ይህ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ። በ1970 ባንግ እና ዳይርበርግ የተባሉ ሁለት የዴንማርክ ሐኪሞች ግሪንላንድ ሄዱ። እዚያ የሚኖሩት ኢኑዊቶች ዓሣና የባሕር እንስሳ ስብ አብዝተው ይበላሉ፤ የልብ ሕመም ግን ብዙም የለባቸውም ይባል ነበር። ሐኪሞቹ ደማቸውን መረመሩ፤ በደም ውስጥ ያለው ስብ ከዴንማርኮቹ ያነሰ ሆኖ አገኙት። የዓሣ ዘይት ዝና የተነሣው ከዚህ ነው። ልብ በሉ፤ የመረመሩት ደም እንጂ የሕዝቡን ልብ አልነበረም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኪኒኑ ፈተናውን ሳያልፍ ገበያ መውጣት አይችልም ነበር። ዘይቱ ግን እንደ ምግብ ማሟያ ስለሚቆጠር፣ በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት መሥራቱን ሳያስመሰክር መደርደሪያ ላይ መውጣት ይችላል። ብልቃጦቻቸው ይመሳሰላሉ፤ ያለፉበት መንገድ አይመሳሰልም።

ሁለቱ አብረው ሲወሰዱስ? ይህም ተፈትኗል። በ2018 ይፋ በሆነ ጥናት ስታቲን እየወሰዱ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስባቸው ከፍ ባለ 8,179 ሰዎች ላይ የተጣራ ኢፒኤ (አንዱ የኦሜጋ ስሪ ዓይነት) በቀን 4 ግራም ተሞከረ፤ የልብ አደጋ በ25 በመቶ ቀነሰ። በ2020 ደግሞ ሌላ ዓይነት የኦሜጋ ስሪ ቅልቅል፣ በዚያው 4 ግራም፣ በ13,078 ሰዎች ላይ ተሞከረ፤ ጥቅም ስላልታየ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ። ለምን እንደተለያዩ ባለሙያዎቹ እስካሁን ይከራከራሉ። በሁለቱም ጥናቶች ግን የልብ ምት መዛባት በዘይቱ ወሳጆች ላይ ትንሽ በዝቷል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ የዓሣ ዘይትና ስታቲን ጠላት አይደሉም፤ አብረው በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች ተወስደዋል። ሁለተኛ፣ በእነዚህ ጥናቶች ዘይቱ የተፈተነው በስታቲን ላይ ተጨምሮ ነው፤ በስታቲን ምትክ አይደለም። መጠኑም ሌላ ነው። 1,000 ሚሊግራም የሚል ተራ ካፕሱል ውስጥ ኦሜጋ ስሪው ብዙውን ጊዜ 300 ሚሊግራም ያህል ነው። 4 ግራም ለመሙላት ከ13 በላይ ካፕሱል ይፈጃል ማለት ነው። አደራ፣ እንዳትሞክሩት! ሒሳቡን ያሳየሁት ብልቃጡና ጥናቱ አንድ እንዳልሆኑ እንዲገባን ነው።

የእውነት የሚጋጭ ነገር ከፈለጋችሁ ሌላ አለ። ቀይ የእርሾ ሩዝ የሚባል ማሟያ «የተፈጥሮ ነው» እየተባለ ይሸጣል። ያው ኤንዶ በ1979 ከዚሁ የሩዝ ሻጋታ ዘመዶች ያወጣው ንጥረ ነገር ከሎቫስታቲን ጋር አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ስታቲን ላይ እሱን የደረበ ሰው ሳያውቀው ሁለት ስታቲን እየዋጠ ሊሆን ይችላል፤ ጡንቻንና ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ የዓሣ ዘይት ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ መድማት ሊያበዛ ይችላልና።

ስለዚህ ዘመዶቻችሁ ዘይት ከላኩ አመስግናችሁ ተቀበሉ። ከዚያ የምትወስዱትን ሁሉ፣ ኪኒኑንም ዘይቱንም የባህል መድኃኒቱንም፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት አሳዩ። ኪኒኑን ግን በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ። ኮሌስትሮል ሲወጣ አያምም፤ ኪኒኑን ያቆመ ሰው «ይኸው ደኅና ነኝ» የሚለውም ለዚህ ነው።

ውጭ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ብልቃጡን ስትልኩ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፦ «እማዬ፣ የሐኪሙን እንዳታቆሚ።»