ሰባራ ድልድይ፦ ድንጋይ ሲገፋ፣ ገመድ ሲስብ

ከሞጣ ወደ አባይ ሸለቆ ሲወረድ ምሥራቅ ጎጃምን ከደቡብ ጎንደር የሚያገናኝ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ አለ። ሕዝቡ «ሰባራ ድልድይ» ይለዋል። የተሠራው በአፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ እንደሆነ ይነገራል። አይዛክ ኒውተን «ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ አጸፋ አለ» የሚለውን 3ኛ ሕጉን ያሳተመው በ1687 ነው። ግንበኞቹ ሕጉን በመጽሐፍ ሳያነቡት በድንጋይ ሠርተውበታል።

ድልድዩ የቆመው በቅስቶች ነው። ቅስት ሲገነባ በመጀመሪያ የእንጨት ድጋፍ ይቆማል። ጥርብ ድንጋዩ ከሁለቱም ዳር እየተደረደረ ይመጣና የመጨረሻው ድንጋይ አናት ላይ ሲገባ እንጨቱ ይነሣል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ይገፋል፤ ጎረቤቱም በዚያው ልክ መልሶ ይገፋዋል። ግፊያው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተላለፈ ዳር ላይ ካለው አለት ይደርሳል፤ አለቱም በበኩሉ መልሶ ይገፋል። የተጫነች በቅሎ ስታልፍ ግፊያው ይጨምራል፣ አጸፋውም አብሮ ይጨምራል። የዚያን ዘመን ኖራ በእንቁላል የተለወሰ ነው ሲባል እንሰማለን። እንቁላል ኖረበትም አልኖረበት፣ ቅስቱን ያቆመው ማጣበቂያ ሳይሆን ይህ መገፋፋት ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች የጠላትን መንገድ ለመዝጋት ድልድዩን ከመሐሉ እንደሰበሩት ይተረካል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የቀሩት ቅስቶች ቆመው መቅረታቸው ነው። በሁለት ቅስቶች መካከል ያለ ምሰሶ ከግራም ከቀኝም ይገፋል። አንደኛው ቅስት ሲፈርስ የሌላው ግፊያ ብቻውን ይቀርና ምሰሶውን ወደ ክፍተቱ ያዘመዋል። ምሰሶዎቹ ቀጫጭን ቢሆኑ ኖሮ ግንቡ ተራ በተራ በተናደ ነበር። ያዳናቸው ውፍረታቸውና ክብደታቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት ሰው ክፍተቱን የተሻገረው በገመድ ነው። ከወዲህና ከወዲያ ወንዶች ቆመው ገመዱን ይወጥራሉ፤ ተሻጋሪው መሐሉ ላይ ታስሮ ከአባይ በላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። ጎታቾቹ ተሻጋሪውን ሲስቡት እሱም በገመዱ በኩል እነሱን ወደ ገደሉ ይስባቸዋል። ስለዚህ ተረከዛቸውን ግንቡ ላይ ተክለው ወደ ፊት ይገፉታል፤ ግንቡ ወደ ኋላ ይገፋቸዋል፤ የሚያተርፋቸውም ይኸው ነው። ተማሪዎች ሁልጊዜ «ኃይሎቹ እኩልና ተቃራኒ ከሆኑ ለምን አይጣፉም?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ እዚህ አለ፦ አንደኛው ኃይል ያረፈው በተሻጋሪው ላይ ነው፣ ሁለተኛው በጎታቹ ላይ። በተለያዩ አካላት ላይ ያረፉ ኃይሎች ሊጣፉ አይችሉም።

እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የዚህን የገመድ መሻገሪያ ፎቶግራፍ መጽሔት ላይ አየ። «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለውን ድርጅት ለማቋቋም ያነሣሣውም ይኸው ነው። ብዙም ሳይቆይ ክፍተቱ በብረት ተጠገነ፤ በ2005 ግን ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። በ2009 በኬብል የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ኬብሉ ዳርና ዳር ያለውን መልሕቅ ይስባል፣ መልሕቁም በዚያው ልክ ኬብሉን ይስባል። ሮበርት ሁክ ተንጠልጥሎ የሚረግብ ገመድ ሲገለበጥ የቅስትን ትክክለኛ ቅርጽ እንደሚሰጥ የጻፈው በ1675 ነበር። ሰባራ ድልድይ አጠገብ ሁለቱም ቅርጽ በዓይን ይታያል።

ከደጀን ወርዶ አባይን የሚሻገር መንገደኛም ይህንኑ የኬብል መሳሳብ ያገኛል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በጳጉሜን 2000 ዓ.ም. የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ ክብደቱ በከፊል በኬብል ተይዟል።

ለሞጣ፣ ለቢቸናና ለደብረ ማርቆስ የፊዚክስ መምህራን ልመና አለኝ። 3ኛውን ሕግ ስታስተምሩ ተማሪዎቻችሁን ወደ አባይ አውርዷቸው። የባህል ቅርስ ጉዳይ የሚመለከታችሁም፣ የቀሩትን ቅስቶች ሥራቸው እየበቀለ ድንጋዩን ከሚፈለቅቁት ዛፎች ጠብቁልን።