የሕፃናት ተቅማጥን መከላከል፦ ወላጆችና አሳዳጊዎች ሊያውቁት የሚገባ

አንድ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ወይም ውሃ የመሰለ ሰገራ ካስቀመጠው ተቅማጥ ይዞታል ማለት ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ጨቅላ በቀን ብዙ ጊዜ ቢጫና ለስላሳ ሰገራ ሊኖረው ይችላል። በደንብ እየጠባና ክብደቱ እየጨመረ ከሆነ ይህ ጤነኛ ነው፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። ሊያሳስብዎ የሚገባው የልጁ ሰገራ ከወትሮው ተለውጦ ሲቀጥንና ሲበዛ ነው።

ልጅን የሚጎዳው ከሰገራው ጋር የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ትልቅ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚቋቋመውን ተቅማጥ የጥቂት ወራት ሕፃን ለሰዓታት ብቻ ሊቋቋመው ይችላል። ተቅማጥ ዛሬም በዓለምም ሆነ በአገራችን ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ከሚገድሉ ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው። አብዛኛውን ግን ቤት ውስጥ መከላከል ይቻላል።

«ጥርስ ሊያወጣ ነው»

በሥራዬ ደጋግሜ የምሰማው አባባል ይህ ነው። እናት የ8 ወር ልጅ ታቅፋ ትመጣለች፤ ማስቀመጥ ከጀመረው 4 ቀን ሆኖታል። ለምን እንደቆየች ስጠይቃት «ጥርስ ነው፣ ይተወዋል አሉኝ» ትላለች። አንዳንዴ የልጁን አፍ ስከፍት ድዱ ላይ ገና ያልደረቀ ቁስል አያለሁ። ግግ ተነቅሎለት ነው የመጣው።

ጥርስ ማውጣት ልጁን ሊያነጫንጨውና ለሃጩን ሊያበዛው ይችላል፤ እንዲህ ያለ ተቅማጥ ግን አያመጣም። ሁለቱ አብረው የሚታዩት ጊዜያቸው ስለሚገጣጠም ነው። ልጅ ከ6 ወር በኋላ ከጡት ሌላ ምግብና ውሃ ይጀምራል። መዳህ ይጀምርና መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። በማህፀን ሳለ ከእናቱ ያገኘው የበሽታ መከላከያም በዚሁ ዕድሜ ይቀንሳል። ጥርስም በዚያው ሰሞን ብቅ ስለሚል ጥፋቱ ወደ ጥርሱ ይዞራል፤ ጀርሙ የገባው ግን በእጅ፣ በምግብ ወይም በውሃ ነው።

ግግ ተብሎ የሚነቀለው ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው። ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ትል ይመስላል፤ ትል ግን አይደለም። ሲነቀል ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። ንጽሕናው ባልተጠበቀ መሣሪያ ቴታነስና ኤችአይቪም ሊተላለፉ ይችላሉ። እንጥል ማስቆረጥም እንዲሁ ነው። ይህን ምክር የሚሰጡ አያቶች ልጁን ስለሚወዱ እንደሚሰጡት አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሙግት ከመግጠም ይልቅ እሳቸውንም ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጡ ይሻላል። ከባለሙያው አፍ ሲሰሙት የተቀበሉ ብዙ አያቶች አይቻለሁ።

እጅና የሕፃን ሰገራ

«እጅ መታጠብ ይጠቅማል?» ብዬ ስጠይቅ «አይ» ያለኝ ሰው የለም። መቼ እንደሚታጠቡ ስጠይቅ ግን ብዙዎች «ከምግብ በፊት» ብለው ያቆማሉ። ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ፣ ልጁን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀትዎ በፊትና ልጁን ከማጉረስዎ በፊት መታጠብም የዚያኑ ያህል ያስፈልጋል። በውሃ ብቻ ማለቅለቅ አይበቃም፤ ሳሙና ይጠቀሙ፣ ሳሙና ከሌለ ንጹሕ አመድ ይሠራል። የልጁንም እጅ ይታጠቡለት፤ ቀኑን ሙሉ መሬት ሲነካ የሚውለው እሱ ነው።

የሕፃን ሰገራ አይጎዳም ብለው የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ግቢ ውስጥ ይጣላል፣ ወይም ፖፖው የታጠበበት ውሃ በር ላይ ይደፋል። የሕፃን ሰገራ እንደ አዋቂው ሁሉ በሽታ ያስተላልፋል። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይድፉት፤ ፖፖው የታጠበበትንም ውሃ እንዲሁ።

ጡት፣ ውሃና ምግብ

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ውሃም ጭምር አያስፈልግም፣ በቆላማ አካባቢም ቢሆን። የስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ ጤና አዳም፣ ለአራስ ልጅ የሚቀመስ ቅቤ፣ እነዚህ ሁሉ ለጀርም በር ይከፍታሉ። ከ6 ወር በኋላም ተጨማሪ ምግብ እየሰጡ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ያጥቡት።

የመጠጥ ውሃን አፍልተው ይስጡ። በከፍታ ቦታ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከ2000 ሜትር በላይ በሆኑ ቦታዎች መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። በቆላ 1 ደቂቃ ይበቃል። እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ከተጠቀሙ በመያዣው ላይ የተጻፈውን መጠን ይከተሉና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ብዙ ጊዜ ውሃው የሚበከለው ከታከመ በኋላ ነው፤ ጀሪካኑ ክዳን ይኑረው፣ ኩባያም አይንከሩበት፤ እያዘነበሉ ይቅዱ።

ጡጦን በተመለከተ ግልጽ ልሁን፦ ባይኖር ይሻላል። ጫፉና ጠባቡ አንገቱ ውስጥ የሚቀረውን ወተት በደንብ ማጽዳት ከባድ ነው። ኩባያና ማንኪያ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ ለማጠብ ግን ይቀላሉ።

ብዙ ቤት ውስጥ የማየውና ማንም ስህተት ነው ብሎ የማያስበው ሌላ ነገር የአጥሚት ፔርሙስ ነው። እናት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት አጥሚት አዘጋጅታ ፔርሙስ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ልጁም እስከ ማታ ከዚያው ይጠጣል። ፔርሙሱ ሲቆይ ሙቀቱ ወደ ለብታ ይወርዳል፤ ለብ ያለ ገንፎና አጥሚት ደግሞ ጀርም የሚራባበት ምርጥ ቦታ ነው። ትንሽ በትንሽ ማዘጋጀት፣ ከ2 ሰዓት በላይ ውጪ የቆየውን አለመስጠት፣ ከምግቡ የተረፈውን ለልጁ መልሶ አለማስቀመጥ ነው የሚሻለው። ይህን ሞግዚቷም ልታውቀው ይገባል። በምርመራ ክፍል ሁልጊዜ «ቀን ቀን ማን ነው የሚያበላው?» ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው፤ ምክሩን የሰማችው እናት ናት፣ ማንኪያውን የምትይዘው ግን ሌላ ሰው።

ክትባት

ለከባድ ተቅማጥ ዋና ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሮታ ቫይረስ ነው። ክትባቱ በኢትዮጵያ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ በ6 እና በ10 ሳምንት በአፍ የሚሰጥ ጠብታ ነው። የኩፍኝ ክትባትንም አያሳልፉ፤ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ብዙ ጊዜ ከባድ ተቅማጥ ይከተለዋል።

ተቅማጥ ከጀመረ

ማጥባትና ማብላት አያቁሙ። «ሆዱ ይረፍ» ብሎ ምግብ መከልከል ልጁን ያደክመዋል። ጡት ከወትሮው በላይ ደጋግመው ያጥቡት።

ብዙዎች ለምለም የሚሉት ኦ.አር.ኤስ. ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር። አንዱን ፓኬት ሙሉውን፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ ይበጥብጡ። አብዛኛው የሚዘጋጀው ለ1 ሊትር ነው፤ መለኪያ ከሌለዎት ሁለት ባለግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ሙሉ ፓኬት በአንድ ብርጭቆ መበጥበጥ አደገኛ ነው፤ ጨው ስለሚበዛ ልጁን ይጎዳዋል። ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ወይም በኩባያ ቀስ አድርገው ይስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀው ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ።

ኦ.አር.ኤስ. ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም። ወላጆች «አልሠራም» ብለው የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው የወጣውን ውሃና ጨው መተካት ነው። ተቅማጡን የሚያሳጥረው ዚንክ ነው፤ ከ6 ወር በታች በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ በ3ኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩን ይጨርሱለት። ለስላሳ መጠጥ፣ ከባለፈው የተረፈ አንቲባዮቲክና ሎፔራማይድን የመሰለ ማቆሚያ ለሕፃን አይስጡ።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም የሚሄዱት መቼ ነው?

ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ ምንም ሳይጠብቁ ይሂዱ። ከዚያ በላይ ለሆነም ዓይኑ ወይም እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ 6 ሰዓት ያህል ሽንት ካልሸና፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የሰጡትን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተዝለፈለፈ ወይም ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳት ካለው ወይም ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላው እንዲሁ ያድርጉ። በመንገድ ላይም ማጥባትዎንና ኦ.አር.ኤስ. መስጠትዎን አያቋርጡ፤ ራሱን ለሳተ ልጅ ግን በአፍ ምንም አይስጡ።