ቤት በቤት ላይ፤ ስለ ዐፄ ፋሲል ግንብና ስለ ደረጃዎቹ

ከጣርማ በር ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በመዘዞ ለተወለድነው ሰዎች ከፍታ ማለት ተራራ ማለት ነው። ከገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ እረኛ የይፋትን ቈላ ቍልቍል ያያል፤ ለዚህም ግንብ አያሻውም። የሸዋ ነገሥታትም እንዲሁ አድርገዋል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1813–1847) በአንኮበር የተቀመጡበት ግቢ በሾጣጣ ኰረብታ ራስ ላይ፥ በአጥር ላይ አጥር ተደርቦለት፥ የሣር ክዳን ቤቶች የተሠሩበት ነበር። በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ወደዚያ አገር በመጣ ጊዜ ያደከመው ዳገቱ እንጂ የቤቱ ደረጃ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጐንደር ግን በተራራ ራስ ላይ አልተቈረቈረችም። በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ጕብታ ላይ የተቀመጠች፥ ከርሷ የሚበልጡ ተራሮች የከበቧት ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲል (1632–1667) በ1636 መቀመጫቸውን በዚያ ባደረጉ ጊዜ፥ ሩቅ ለማየት የሚፈልግ ንጉሥ ከፍታውን ራሱ ማሠራት ነበረበት። ስለዚህ የግንቡን ደረጃ በተራራ ፈንታ የተሠራ ነገር አድርጎ መመልከት ይገባል እንላለን። እስካሁን ስለ ግንቡ የተጻፈው አብዛኛው ስለ ጕልላቱና ስለ ቅጥሩ ነው፤ ስለ ደረጃው የተናገረ ጥቂት ነው። እኛ ግን ግንቡን ማን ሠራው ለሚለው ለቈየው ክርክር ጥሩ መግቢያ የሚሆነው ደረጃው ነው ብለን እናምናለን።

ግቢው 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥር የተከበበ ሲሆን 12 በሮች አሉት፤ እምቢልታ በር፥ እልፍኝ በር፥ ባልደራስ በር፥ እርግብ በር እየተባሉ የየራሳቸው ስም ተሰጥቷቸዋል። ጐብኚው ትኬቱን ቈርጦ ሲገባ አስጐብኚ ይቀድመዋል፤ እርሱም ይከተላል። የዐፄ ፋሲል ግንብ ከጥቍር ቡናማ ድንጋይና ከኖራ የተሠራ፥ በአራቱ ማዕዘን እንቍላል የመሰለ ጕልላት የደፉ ክብ ግንቦች ያሉት፥ ከነዚህም በላይ አራት ማዕዘን የሆነ የመጠበቂያ ግንብ የቆመለት ነው። የዚህ የመጠበቂያ ግንብ ቁመት ወደ 32 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ከውጭ ያለው የድንጋይ ደረጃ ምድር ቤቱን ትቶ ወደ ደርቡ ያወጣል። እኛን የመሩን አስጐብኚ ዕድሜያቸው የገፋ የከተማው ሰው ነበሩ፤ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ሲወጡ ቢያዩ፥ «ልጆቼ፥ ቀስ በሉ እንጂ፤ ንጉሥ አይሮጥም» አሉን። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም እውነት አለበት። ይህ የውጭ ደረጃ ለመቸኰል የተሠራ አይደለም። ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ከታች ለቆመው ሁሉ እንዲታይ ሆኖ የተሠራ ነው።

ከሰገነቱ በላይ ያለው መውጫ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ጠባብና ጨለማ ነው። በአስጐብኚው አነጋገር፥ ሰገነቱ ንጉሡ ለሕዝቡ የሚታዩበትና ጸሎት የሚደረግበት ስፍራ ነበር፤ ከርሱ በላይ ያለው ክፍል የንጉሡ የብቻ ክፍል ነበር፤ ከሁሉ በላይ ያለው ደግሞ ዘብ የሚቆምበት ነው። እንግዲህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ዐይነት ደረጃ አለ ማለት ነው፤ አንዱ ለመታየት፥ ሁለተኛው ለማየት። ይህን ልዩነት ከታች ሆኖ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው አያገኘውም፤ በእግሩ የወጣ ብቻ ያገኘዋል።

አስጐብኚዎች ሁሉ ከላይ ሲደርሱ እጃቸውን ወደ ደቡብ ዘርግተው «ያ ጣና ነው» ይላሉ። ሐይቁ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ስለ ሆነ፥ ጭጋግ በበዛበት ቀን የሚያምናቸው ጥቂት ነው። ነገር ግን ከ1770 እስከ 1771 በጐንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ንጉሡ ቤት ሲጽፍ፥ ከራሱ ላይ ሆኖ የደቡቡን አገር ሁሉ እስከ ጣና ማየት ይቻል እንደ ነበረ መስክሯል። በርግጥ ብሩስን በሁሉም ነገር ማመን አይገባም፤ የማዕዘኖቹን ግንቦች አራት ማዕዘን ናቸው ይላል፥ ዛሬ የሚታዩት ግን ክብ ናቸው። ስለ ዕይታው ግን ከአስጐብኚዎቹ ጋር ይስማማል። ደግሞም በርሱ ዘመን ቤቱ ብዙ ጊዜ ተቃጥሎ ትልቁ ክፍል እንደ ፈረሰ፥ ሰው የሚኖርበትም የታችኞቹ ሁለት ደርቦች ብቻ እንደ ነበሩ ጽፏል። ቤቱ ከተሠራ አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲሆነው፥ የላይኛው ደረጃ ንጉሥ የማይወጣበት ደረጃ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የደረሰውን መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማዋን ማቃጠላቸውን፥ ደርቡሾች በ1888 መዝረፋቸውን፥ ኢጣልያኖች ግቢውን ከያዙ በኋላ በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ መጣላቸውን መጥቀስ ይበቃል። በ1979 ዩኔስኮ ግቢውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ከአንዳንድ መምህራን፥ በጐንደርም ከአንዳንድ አስጐብኚዎች የሰማነው ቃል አንድ ነው፤ «የፖርቱጋሎች ግንብ» ይሉታል። ይህ አባባል ከዘመን ቈጠራ ጋር አይስማማም። ዐፄ ፋሲል በነገሡ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ ተመልሰው እንዳይገቡም የቀይ ባሕርን ወደብ ከያዙት ቱርኮች ጋር ተስማሙ። ፈረንጅን እስከዚህ የጠላ ንጉሥ፥ ቤቱን ፈረንጅ እንዲሠራለት አደረገ ማለት ማስረጃ የሚፈልግ ነገር ነው።

የአባባሉ ሥር ግን ይታወቃል። ከዐፄ ፋሲል አስቀድሞ አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ (1607–1632) በጣና ዳር በጐርጐራ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር፤ ሥራውን የመራው በ1603 የመጣው ኢየሱሳዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ ነው። እርሱም ቢሆን የእስፓኝ ተወላጅ እንጂ ፖርቱጋላዊ አልነበረም። የኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች ስለዚህ ቤት ሁለት ነገር ይተርካሉ። አንደኛው፥ ንጉሡን ለመግደል የተማማሉ መኳንንት ወደ አዲሱ ቤት በገቡ ጊዜ፥ ንጉሡ ወደ ላይ ሲወጡ በሩን ከኋላቸው ቢስቡት፥ ፓኤዝ የሠራው መቈለፊያ በራሱ ተቈልፎ ከሞት እንዳዳናቸው ነው። ሁለተኛው፥ ሕዝቡ ከየአገሩ ይህን ድንቅ ለማየት እየመጣ፥ በቋንቋው ስም ስላላገኘለት «ቤት በቤት ላይ» ብሎ ጠራው የሚል ነው።

የመጀመሪያውን ታሪክ ለማመን አንቸገርም፤ የመቈለፊያና የደረጃ ጥቅም ግልጥ ነውና። ሁለተኛውን ግን መመርመር ያስፈልጋል። አማርኛ ስም የለውም የተባለው ነገር በግእዝ ጽርሕ፥ በአማርኛም ሰገነት ይባላል፤ የሐዋርያት ሥራ ሐዋርያት የተቀመጡበትን የላይኛውን ክፍል በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። በላሊበላ በቤተ ማርያም ውስጥ ወደ ላይኛው ክፍል የሚወጣ ደረጃ ከዐለቱ ተፈልፍሏል። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፥ የአክሱም ሐውልቶች እንደ ብዙ ደርብ ቤት ሆነው ተቀርጸዋል፤ ከታች በር፥ ከበሩም በላይ መስኮት በመስኮት ላይ ይታይባቸዋል። ትልቁና የወደቀው ሐውልት 33 ሜትር ያህል ነው፤ ቁመቱ ከዐፄ ፋሲል ግንብ ጋር የሚተካከል መሆኑ ያስገርማል። በርግጥ ማንም በውስጡ አይወጣም፤ የቤት ሥዕል ነው እንጂ ቤት አይደለም። ነገር ግን ደርብ ያለውን ቤት ያላየ ሰው እንዲህ አድርጎ ሊቀርጸው አይችልም። ስለዚህ «ቤት በቤት ላይ» የሚለው ስም የመደነቅ ቃል እንጂ የድንቍርና ምልክት አይደለም።

ቃላቱ ራሳቸው ከዚህ በላይ ይነግሩናል። ዛሬ የምንጠቀምበት ፎቅ የሚለው ቃል በዐረብኛ «ላይ» ማለት ነው፤ ደረጃም እንዲሁ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ደረጃ መውጫውንም የሰውን ክብርም ይገልጣል። የግእዙ መዓርግም «ወጣ» ከሚለው ከዐርገ ተወልዶ መውጫም ክብርም ሆኗል። በሁለቱም ቋንቋ አሳቡ አንድ ነው፤ ከፍ ያለ ሰው የሚባለው መወጣጫውን የወጣ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን ይህ ምሳሌ ብቻ አልነበረም፤ በውጭው ደረጃ የትኛው እርከን ላይ መቆም እንደሚፈቀድለት እያንዳንዱ መኰንን ያውቅ ነበር ብለን እንገምታለን። ዛሬ ትኬት የገዛ ተማሪ ዘሎ ያልፈዋል፤ እኛም አልፈነዋል።

ቃሉ ከዐረብኛ ከሆነ፥ ምስክሩም ከዚያው ወገን መገኘቱ አያስደንቅም። በ1648 የየመን ኢማም መልእክተኛ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ ወደ ጐንደር መጥቶ ከዐፄ ፋሲል ጋር ተገናኘ፤ ያየውንም ጻፈ። የንጉሡ ቤት ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ እጅግ የሚያምር ሕንፃ መሆኑን፥ የሠራውም ሰው ህንዳዊ መሆኑን ይናገራል። ይህን ምስክር ከሌሎቹ የምናስበልጥበት ምክንያት አለን። አል ሐይሚ የመጣው ከየመን ነው፤ በሰንዓ ከተማ ተራው ሰው እንኳ ደርብ በደርብ በሆነ ረዥም ቤት ይኖራል። ለርሱ ደረጃ መውጣት የየዕለት ሥራ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የጐንደርን ቤት ካደነቀ አድናቆቱ የእንግዳ ፈዛዛነት አይደለም። ደግሞም ኢየሱሳውያን ከወጡ ገና አሥራ አምስት ዓመት ያህል ነበር፤ ቤቱን ፈረንጆች ሠርተውት ቢሆን ኖሮ ይህን ሳይሰማ አይቀርም ነበር።

ይህም ሲባል ህንዳዊው ብቻውን ሠራው ማለታችን አይደለም። ከዐፄ ፋሲል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) በእንፍራዝ አጠገብ በጕዛራ ግንብ አሠርተዋል፤ ይህም ፓኤዝ አገራችንን ከመርገጡ በፊት ነው። በሱስንዮስ ዘመን የኖራ ሥራ ተስፋፋ፤ የኢየሱሳውያን ሕንፃዎችም በአገሩ ሰው እጅ ተሠሩ፤ እጁም ሙያውን ይዞ ቀረ። በኛ አስተያየት የጐንደር ግንብ የነዚህ ሁሉ ልጅ ነው፤ የጕዛራ፥ የጐርጐራ፥ ከባሕር ማዶ የመጣው ባለሙያና ኖራውን ያቦካው የአገሩ ሰው ሁሉ ድርሻ አላቸው። ድንጋይ መካብ ለሐበሻ እንግዳ ሙያ አይደለም፤ በመንዝ ገበሬ እንኳ ቤቱን በድንጋይ ነው የሚሠራው። አዲሱ ነገር ኖራው፥ ጕልላቱና የደረጃው አወጣጥ ነው።

ጥያቄውን ወደ ፊት የሚያራምደው የመለኪያ ሥራ ነው። የጕዛራው ግንብ እርከኖች ቁመትና ስፋት፥ የመውጫውም ጠባብነት ከጐንደሩ ጋር ቢነጻጸር፥ የአንድ ትምህርት ልጆች መሆናቸውንና አለመሆናቸውን ቍጥሩ ያሳያል። ከጓደኞቻችን ሦስቱ በሚመጣው የዕረፍት ወራት ሜትርና ገመድ ይዘው ወደ እንፍራዝ ሊወርዱ ተዘጋጅተዋል፤ የሚያገኙትም በዚሁ መጽሔት ይወጣል።